ሚዛኑ የማይነግረን ክብደት
የጤና ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አምስቱም ደብዳቤዎች የመጡት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ነው። በዲያሊሲስ (በኩላሊት እጥበት) የሚኖር ሰው ሲከሳ ወይም ሲወፍር፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ስብ ምን እንደሚናገር ትጠይቃላችሁ። ስማችሁ እንዳይወጣ ያላችሁንን አክብረናል፤ ረዘም ያሉትንም ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

«ኪሎው አልተነቃነቀም፣ ቀበቶው ግን ሦስት ቀዳዳ ገባ»

*ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን መታጠብ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ደረቅ ክብደቱ 64 ኪሎ ተብሎ ተጽፎለታል፤ ሁልጊዜም 64 ላይ ነው ከማሽን የሚወርደው። ቀበቶው ግን ሦስት ቀዳዳ ገብቷል፣ ጉንጩ ሟሟል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ትራስ ካልደራረበ እንቅልፍ አይወስደውም። ኪሎው ሳይቀንስ ሰው ይከሳል? — ከቱሉ ዲምቱ*

አዎ፣ ይከሳል። ቀጣዩን የእጥበት ቀን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሚታጠብበት ክፍል ደውለው የጻፉልንን ይንገሯቸው። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሚዛን ሥጋን ከውሃ አይለይም። ደረቅ ክብደት ማለት ሰውነት ትርፍ ውሃ ሳይቋጥር፣ እግር ሳያብጥ፣ ደም ግፊቱም ሳይዋዥቅ የሚኖረው ክብደት ነው። ይህ ቁጥር አንዴ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም። አንድ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ኪሎ ስብና ጡንቻ ቢያጣና በወረቀቱ ላይ ያለው 64 ካልተነካ፣ ማሽኑ የሚያቆመው 64 ላይ ስለሆነ በጠፋው ሥጋ ምትክ ሦስት ሊትር ውሃ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። ያ ውሃ ሲጋደም ወደ ሳንባው ይመጣል። ትራስ የሚደራርበው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቀበቶው የነገረዎትን ሚዛኑ ሸፍኖታል ማለት ነው።

ሐኪሙ ይህ መሆኑን ካረጋገጠ ደረቅ ክብደቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ እጥበት ከ300 እስከ 500 ግራም ነው። ሦስቱን ኪሎ በአንድ ቀን ለማውጣት ቢሞከር ግፊቱ ይወድቃል፣ የእግር ጡንቻው ይኮማተራል፣ ልቡም ይጎዳል። በአንድ እጥበት የሚወጣው ውሃም ልክ አለው፤ በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመከራል። ለ60 ኪሎ ሰው በአራት ሰዓት እጥበት 3.1 ሊትር ገደማ ይመጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚታጠብ ሰው ደግሞ በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ፣ የሚጠጣውን ውሃና የሚበላውን ጨው መቆጣጠር ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ከውሃው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ ሥጋው ለምን እንዳለቀ ነው። አልቡሚን (የደም ፕሮቲን)፣ ሲአርፒ (የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት ምልክት) እና ባይካርቦኔት (የደምን አሲድ የሚያረግብ ንጥረ ነገር) እንዲታይለት ይጠይቁ። አልቡሚን በዴሲ ሊትር ከ3.8 ግራም በታች መሆኑ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ሲደመር የሰውነት መሟሟት ምልክት ነው። ሲአርፒ ከፍ ካለ የተደበቀ ኢንፌክሽን ይፈለጋል፤ በአንገት ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ በገባ ቱቦ) የሚታጠብ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካቴተሩ ነው። ባይካርቦኔት በሊትር ከ22 ሚሊ ሞል በታች ከወረደ ደሙ አሲድ ስለሚበዛበት ጡንቻው ይሟሟል።

አንድ ነገር ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ መንገድ ጋር ይያያዛል። ለጠዋት እጥበት ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ አራት ሰዓት ታጥቦ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ቤት የሚገባ ሰው በዚያ ቀን በቅጡ የሚበላው አንድ ጊዜ ነው። በእጥበቱ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ግራም የሚደርስ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ቅንጣት) ከማጣሪያው ጋር ይሄዳል። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከዳቦ ጋር ቋጥረው ይስጡት። ማሽን ላይ ሆኖ ሲበላ ግፊቱ የሚወርድበት ከሆነ እንደወረደ፣ ታክሲ ከመያዙ በፊት ይብላ። አንድ ነገር አይርሱ፦ ሲመዘን ጋቢውንና ጫማውን ያውልቅ። በጠዋቱ ብርድ ተጀቡኖ ተመዝኖ፣ ሲወርድ ደግሞ ጋቢውን አውልቆ የሚመዘን ሰው የውሃ ሒሳቡ ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

«አዲፖኔክቲን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

*ዲያሊሲስ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። አንዱ ጥናት አዲፖኔክቲን ከፍ ያለባቸው ታካሚዎች ልባቸው የተሻለ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ቶሎ ይሞታሉ ይላል። የትኛውን ልመን? — ከሰበታ*

ሲስተር፣ ሁለቱም የለኩትን ነው የጻፉት። ልዩነቱ የተለኩት ሰዎች ማንነት ላይ ነው።

ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ጮማ እንዳልሆነ ዓለም በደንብ የተረዳው እ.ኤ.አ. በ1994 ስብ የሚያመነጨው ሆርሞን ሌፕቲን ሲገኝ ነው። አዲፖኔክቲንም ከስብ ሕዋስ የሚወጣ ሆርሞን ነው፤ ጠባዩ ግን የሌፕቲን ተቃራኒ ነው። ሰው ሲወፍር፣ በተለይ ቦርጭ ሲያወጣ አዲፖኔክቲን ይቀንሳል፤ ሲከሳ ይጨምራል። ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ ያግዛል፣ የደም ሥርን ግድግዳም ከብግነት ይጠብቃል። ኩላሊቱ ደህና በሆነ ሰው ላይ ከፍ ማለቱ በአብዛኛው የጤና ምልክት ተደርጎ የሚታየው ለዚህ ነው። ኩላሊት ሲደክም ግን ከደም የሚወገደው መጠን ስለሚቀንስ፣ እጥበት ላይ ባሉ ሰዎች ከጤነኛ ሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጣሊያን 227 የዲያሊሲስ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት ታተመ። አዲፖኔክቲናቸው ከፍ ካለው ሰዎች መካከል የልብና የደም ሥር አደጋ ያጋጠማቸው በቁጥር ያነሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የወጡ በርካታ ጥናቶች ደግሞ ከፍ ያለ አዲፖኔክቲንን ከሞት ጋር አያያዙት። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው መክሳት ነው። ሥጋው እያለቀ ያለ ሰው አዲፖኔክቲኑ ይወጣል፤ ሰውየውን የሚጎዳው መሟሟቱ ነው እንጂ ሆርሞኑ አይደለም። ሁለተኛው ልብ ነው። ልብ በውሃ ሲወጠር የሚለቃቸው ቢኤንፒን የመሰሉ ሆርሞኖች የስብ ሕዋስን አዲፖኔክቲን እንዲያመነጭ ይገፋፉታል። ስለዚህ የደከመ ልብ ያለውና ውሃ የቋጠረ ሰውም ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ አንዲት ታካሚዎ አዲፖኔክቲኗ ከፍ ብሎ ወገቧ ጠባብ፣ ክንዷ ጠንካራ፣ አልቡሚኗ 4 ከሆነ መልካም ነው። ያው ቁጥር ጉንጩ በጎደጎደ፣ አልቡሚኑ 3.1 በሆነና እግሩ ባበጠ ሰው ላይ ከታየ ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥሩን ብቻውን የሚያነብ ሁለቱንም ይስታል። ለዚህም ይመስለናል፣ እነዚህ ምልክቶች ለምርምር የሚጠቅሙትን ያህል በአልጋ አጠገብ ለሚሰጥ ውሳኔ ገና ያልጠቀሙት።

እግረ መንገዳችንን ስለ ክሬቲኒን እንንገርዎት፤ በየክፍሉ የሚሳሳቱበት ነውና። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። እጥበቱ ሳይጨምር፣ ሽንቱም ሳይመለስ፣ ከእጥበት በፊት የሚለካው ክሬቲኒን ከወር ወር ከወረደ ለቤተሰቡ «ተሻለው» ከማለትዎ በፊት የሰውየውን ክንድ ይመልከቱ። ጡንቻው እያለቀ ሊሆን ይችላል።

«የሌፕቲን ምርመራ እናሠራ?»

*ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ እየከሳ ነው። አንድ ላብራቶሪ ናሙናውን ውጭ አገር ልኮ የስብ ሆርሞን እንደሚያስመረምር ነገረን። ዋጋው ከአንድ ዙር እጥበት ይበልጣል። ይጠቅመዋል? — ከለገጣፎ*

ገንዘቡን ለእጥበቱ ያውሉት።

ሌፕቲን የስቡን መጠን ለአንጎል የሚነግር የጥጋብ መልእክተኛ ነው። የሚጣራው በአብዛኛው በኩላሊት ስለሆነ እጥበት ላይ ባለ ሰው ይከማቻል። ተራው ማጣሪያ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሌፕቲንን አያሳልፍም፤ ሃይ ፍላክስ የሚባለው የተወሰነውን ያወጣል። በዚህ ላይ ሴቶች በተፈጥሮ ከወንዶች ብዙ ከፍ ያለ ሌፕቲን አላቸው፣ ማታና ጠዋትም መጠኑ ይለያያል። ስለዚህ ውጤቱ «ከፍ ብሏል» ተብሎ ቢመጣ ከስብ ይሁን፣ ከኩላሊት ወይስ ከማጣሪያው ዓይነት አይታወቅም። «ዝቅ ብሏል» ተብሎ ቢመጣ ስቡ እያለቀ ነው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ያለ ምርመራ እያያችሁት ነው። ሐኪሙም በዚያ ቁጥር የሚቀይረው መድኃኒት የለም።

በምትኩ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይግዙ፤ ሥራውም እንዲህ ነው። ወንድምዎ ከታጠበ በኋላ፣ ውሃው ወጥቶ ሳለ ይቁም። ፊስቱላ (ለእጥበት በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) የሌለበትን ክንድ ይምረጡ። ክርኑን አጥፎ ከትከሻው ጫፍ አጥንት እስከ ክርኑ ጫፍ ይለኩና መሃሉን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ክንዱን ዘና አድርጎ ይልቀቀው። ሜትሩን ምልክቱ ላይ ቆዳውን ሳይጫኑ ይጠምጥሙና እስከ ሚሊ ሜትር ጻፉ። በወር አንድ ጊዜ፣ ያው ሰው፣ ያንኑ ክንድ፣ ከእጥበት በኋላ ይለካ። ከእጥበት በፊት ከለካችሁ ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው የምትለኩት።

በእጥበት ክፍሉ የቆዳ መቆንጠጫ መለኪያ ካለ ደግሞ ስቡን ከጡንቻው መለየት ይቻላል። ከክንድ ጀርባ የተቆነጠጠውን ቆዳ ውፍረት በሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በ3.14 ታባዙና ከክንዱ ዙሪያ ትቀንሳላችሁ። ክንዱ 28 ሴንቲ ሜትር፣ ቆንጠጣው 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 28 ሲቀነስ 3.8፣ ማለትም 24.2 ሴንቲ ሜትር የጡንቻው ዙሪያ ነው። ቆንጠጣው ብቻ ከቀነሰ የጎደለው ስብ ነው፤ የምግብ ኃይል አንሶታል። የጡንቻው ዙሪያ ከቀነሰ ደግሞ ፕሮቲን፣ ኢንፌክሽን፣ አሲድና የእጥበት በቂነት ይታያሉ። በሦስት ወር ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ሳይፈልግ ከቀነሰ ለሐኪሙ ሳይነገር መዋል የለበትም።

«ወፍራም ሰው እጥበት ላይ ረጅም ይኖራል ይባላል»

*47 ዓመቴ ነው፤ 88 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ68፣ ወገቤ 112 ሴንቲ ሜትር። አብሮኝ የሚታጠብ ጓደኛዬ «አትክሳ፣ ወፍራም ነው የሚኖረው» ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ኩላሊት ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው፤ እሱ ደግሞ «ቦርጭህን አጥፋ» ይለኛል። ማንን ልስማ? — ከሱሉልታ*

ጓደኛዎ የሰማው እውነት ነው፣ ግን ሙሉውን አልሰማም። ከሌላው ሕዝብ በተለየ፣ በዲያሊሲስ ታካሚዎች ላይ የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው ከፍ ያለ ሰዎች የተሻለ ዕድሜ እንደሚኖራቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። በሽታ ሲመጣ የሚበላ ስንቅ ያለው ሰው ይቋቋማል። የእርስዎ ምጣኔ 31 ገደማ ነው።

ምጣኔው ግን ጡንቻን፣ የዳሌን ስብና የሆድን ስብ አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። በጣሊያን 537 ታካሚዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ሁለቱን ለያይቶ አየ። ምጣኔው ከፍ ሲል ሞት ቀነሰ፤ ወገብ ሲሰፋ ግን ሞት ጨመረ። በአንጀት መሃል የሚጠራቀመው ስብ ብግነት የሚያነሳሱ እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉ ነገሮችን ይረጫል፣ አዲፖኔክቲንን ደግሞ ያሳንሳል። ለወንድ 102 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወገብ ብዙ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ 112 ነው።

ስለዚህ ግብዎ ኪሎ መጣል ሳይሆን ጡንቻን ይዞ ወገብን ማጥበብ ይሁን። ምግብ ዘግተው ቢከሱ መጀመሪያ የሚያልቀው ጡንቻዎ ነው፤ ቦርጩ ይቀራል። ፕሮቲን አይቀንሱ። ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ቢራና ጠጅ ይቁሙ፤ ውሃም ኃይልም ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዱት። የማቅጠኛ ሻይ የሚባለውን በፍጹም አይንኩ፤ ምን እንዳለበት ሳይታወቅ ኩላሊት ለሌለው ሰው አይሰጥም። በማይታጠቡበት ቀን በሜዳ መንገድ 10 ደቂቃ ከመሄድ ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጨምረው 30 ያድርሱት። ዳገቱን ለጊዜው ይተዉት፤ ሱሉልታ ከፍታው ራሱ ትንፋሽ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ፣ አርፈው ይድገሙት። ደረት የሚያፍን ወይም የሚያዞር ነገር ከመጣ አቁመው ለሐኪም ይንገሩ።

በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ አይጣሉ። ሲቀንሱም ደረቅ ክብደትዎ በየወሩ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ያለዚያ የቱሉ ዲምቱው አባወራ የደረሰበት ይደርስብዎታል። ለንቅለ ተከላውም ቢሆን ይህ ይረዳዎታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በተጀመረው አገልግሎት የሚሰጠው ከዘመድ የሚገኝ ኩላሊት ነው፤ ሆዱ በስብ የተሞላ ሰው ላይ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ወንድምዎ ያለዎትን ይስሙት፤ ግን ቀስ ብለው።

«ሁዳዴን ልጹም?»

*60 ኪሎ ነኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እታጠባለሁ። ባለፈው ዓመት ጾሜ ፋሲካን የደረስኩት በጣም ከስቼ ነው። ዘንድሮ ምን ላድርግ? — ከኮዬ ፈጬ*

እህታችን፣ መጀመሪያ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ የታመመ ሰው ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ለብቻው ይታያል። እንጹም ካሉ ደግሞ ሒሳቡን ይያዙ። በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን፣ ከ1500 እስከ 2100 ካሎሪ ያስፈልግዎታል። ለ55 ቀን ይህ ሳይሟላ ከቀረ ባለፈው ዓመት ያዩት ይደገማል።

አንድ ሰው የሚበላው ሽሮ ውስጥ 50 ግራም ዱቄት ቢኖር ፕሮቲኑ 10 ግራም ያህል ነው፤ በሽሮ ብቻ አይሆንም ማለት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ አለው። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ደረቁ የሶያ ሥጋ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ 50 ግራሙ 25 ግራም ይሰጣል። ሦስቱን በአንድ ቀን ካዋሐዱ፣ ከእንጀራውና ከዳቦው ጋር ልኩ ይደርሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ከቀረ ምግቡን በሦስት ጊዜ መክፈል ይቻላል፤ በአንድ ማዕድ ይህን ሁሉ የሚችል ሆድ የለም። ኃይል ከጎደለ ሰውነት ፕሮቲኑን ራሱን እንደ ማገዶ ያነደዋል። ስለዚህ ዘይት አይቆጥቡ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ፖታሲየምም ፎስፈረስም የለበትም።

አደጋው ፖታሲየም ላይ ነው። ምስሩን ዘፍዝፈው፣ በብዙ ውሃ ቀቅለው ውሃውን ይድፉ። ሶያውን በፈላ ውሃ ነክረው ይጭመቁ። ድንች ስስ አድርገው ከትፈው ቀቅሉ፣ ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ ይድገሙት። በጾም ቀን ከሁሉ የምንፈራው ስፕሪሱን ነው፦ አንድ ሙሉ አቮካዶ ብቻውን ወደ 1000 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ሊደርስ ይችላል፤ ብርጭቆው ውስጥ ደግሞ ማንጎና ፓፓያም አለ። ሁለት ቀን ሳይታጠቡ በሚቆዩበት የሳምንቱ መጨረሻ እንዲህ ያለ ብርጭቆ ልብ ሊያቆም ይችላል። የጥራጥሬ ፎስፈረስ ግን ሆድ ውስጥ ግማሹም አይገባም፤ ኮካን በመሳሰሉ መጠጦች ውስጥ ያለው ነው ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገባው። ለፎስፈረስ የታዘዘልዎት ኪኒን ካለ ከምግቡ ጋር እንጂ ከምግብ በኋላ አይውሰዱት። ሚጥን ሽሮ ሲገዙ ጨው የተጨመረበት መሆኑን ይጠይቁ።

ክንድዎን ሁዳዴ ሊገባ ሲል ይለኩት፤ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ጾሙ ሲጋመስ ይድገሙት። በግማሹ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከቀነሰ ወደ ንስሐ አባትዎም ወደ ሐኪምዎም ይመለሱ።